የጾም ወር አስቤዛ ከፍስኩ ወር ለምን በለጠብኝ?

እመ ናርዶስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ እናቶቼና እኅቶቼ። አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይተን የምንኖር አራት ነፍስ ነን። ባለቤቴ መምህር ነው፤ እኔ ሁለተኛዋን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ቤት ውያለሁ። የቤት ኪራዩና የናርዶስ የትምህርት ቤት ክፍያ ከደመወዙ ላይ ከተነሣ በኋላ የተረፈው ለአስቤዛ በእኔ እጅ ይገባል።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ እኔም ከወዲሁ ጨንቆኛል። በጾም ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፤ ወተት የምገዛው ለልጆቹ ብቻ ነው። በዚህ ሂሳብ ወጪያችን መቀነስ ነበረበት። ባለፈው ዓመት ግን ጾሙ ሳይጋመስ ከታች ካለው ሱቅ በዱቤ መውሰድ ጀመርን፤ የፋሲካውን ዶሮ የገዛነው ተበድረን ነው። በዚያ ላይ የማኅበራችን ጽዋ በመጋቢት ሚካኤል ይደርሰኛል። ያለፈችው ባለ ተራ ያቀረበችውን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ተራዬን ልለፈው ወይስ ከማኅበሩ ልውጣ? አሥራታችንንም «የተረፈ ካለ» እያልን ከወር ወር አሳደርነው። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ወለተ ጻድቅ

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት የዘይት ጀሪካንሽን ጠይቂው። የጾም ወጪ የሚያብጠው በምስርና በሽሮ አይደለም፣ በዘይት ነው። በፍስክ ቅቤውና ሥጋው ለወጡ ጣዕም ይሰጡታል። በጾም ግን «ደረቅ እንዳይሆን» እያልን ዘይት እንጨምራለን፤ ጥቅል ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ፎሶሊያው፣ ቀይ ሥሩ በየድስቱ ይቁላላል፤ በያይነቱ ካልሞላ የተራብን ይመስለናል። ዘይቱ ደግሞ አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ ለአንቺ አልነግርሽም።

ስለዚህ አንድ ወጥ በአንድ ድስት፣ አንድ ጥሬ ነገር ከጎኑ። በቃ። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርገሽ ክተፊና በደረቅ ድስት ያለ ዘይት አቁላዪው። መጀመሪያ የራሱን ውኃ ያወጣል፤ እሳቱን ሳታበዢ እያማሰልሽ ያንን ውኃ አስጨርሺው። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውኃ ጠብ እያደረግሽ አላቅቂው። ቀለሙ ሲጠቁርና ሲለሰልስ በርበሬውን ጨምረሽ፣ አሁንም በጥቂት ውኃ፣ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ አብስዪው። ዘይት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ። ከጀሪካን በቀጥታ የሚያፈስ እጅ ልክ አያውቅም። በዚህ መንገድ የተሠራ ምስር ወጥ ላይ የዘይቱን ማነስ የሚያውቅ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም።

ደግሞ «የጾም» የሚል የተለጠፈበትን ሁሉ አትግዢ። የጾም ኬክ፣ የጾም ብስኩት፣ የጾም በርገር! ጾሙን ለማታለል ሰው ይህን ያህል ይደክማል? (ይህን ስናገር ልጆቼ «እማዬ ጀመረች» ይላሉ።) ሱፍ አለ፣ ተልባ አለ፣ አዚፋ አለ፣ ስልጆ አለ፣ ንፍሮ አለ፣ በሶ አለ። እነዚህ ዘይት የማይጠይቁ፣ ሆድ የሚይዙ የጾም ምግቦች ናቸው።

ጤፍሽን የምትገዢው አሁን ነው። እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ዋጋው ይረጋጋል፤ ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም ግን ሽቅብ ነው። ኩንታል ካልቻልሽ ከጎረቤት ጋር ተካፍላችሁ ግዙ። ለቤት ማኛ ምን ያደርግልሻል? ሰርገኛ ይበቃል፣ ለልጆቹም ይስማማቸዋል። ነጋዴው ከማዳበሪያው አፍ ላይ ብቻ ሲያሳይሽ አትመኚው፤ ከሥሩ ዝገንልኝ በይው። በመዳፍሽ ይዘሽ እሺው፣ ከዚያ እፍ በዪበት። ገለባው ይበራል፣ አፈሩ ግን መዳፍሽ መስመር ውስጥ ይቀራል። መዳፍሽ ከጠቆረ በወንፊት የምትጥዪውን ክብደት በጤፍ ዋጋ ልትከፍዪ ነውና ወይ ዋጋ አስቀንሺ፣ ወይ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ። ስታፍሪ ያውቅብሻል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንቺና ባለቤትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ (የምታጠቢ ከሆነ ይህን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት) ከቅዳሜና እሑድ በቀር የቁርሳችሁ ሂሳብ በየቀኑ ይቀራል፤ ጾሙ 55 ቀን ነው። ያ ገንዘብ የት ገባ? በአብዛኞቻችን ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚቀርበው ትርፍ ምግብ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ኢሳይያስ 58ን አንብቢው፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል። ከአፋችን የቀነስነው ለሌላ ሰው አፍ ነው እንጂ ለእኛው ማታ አይደለም። እኔ ባዶ የቡና ቆርቆሮ አለኝ፤ የቁርሱ ገንዘብ ጠዋት ጠዋት እዚያ ይገባል። ቤት ሽንኩርት ቢያልቅ እንኳን ከዚያ አይነካም። በሰሙነ ሕማማት ከግቢያችን በስተጀርባ ለሚኖሩ አንዲት አሮጊት ይደርሳል። ተአምር ልነግርሽ አይደለም፤ ግን ቁርሴ በስንት ብር እንደቀረ በየቀኑ ስቆጥር፣ የቀረውንም ብር መቁጠር ለመድኩ። አስቤዛዬን የቀነሰው ይኸው ነው።

ጽዋውን ደግሞ አትተዪው። በችግርሽ ቀን በርሽን የሚያንኳኩት እነርሱ ናቸው። መጋቢት 12 ጾም ላይ ስለሚውል እንኳን ደስ አለሽ፣ ዶሮ አይጠበቅብሽም። በእኛ ማኅበር አንዷ ለስላሳ በሳጥን ስታቀርብ፣ ቀጣይዋ ያንን ለመብለጥ ስትበደር፣ ነገሩ የድግስ ውድድር ሆኖ ነበር። ሙሴያችን (የማኅበሩ መሪ) አንድ ቀን ተነሥተው «ከዳቦ፣ ከንፍሮና ከጠላ ያለፈ ያቀረበ መቀጫ ይከፍላል» አሉ። መጀመሪያ ያጨበጨቡት ያው ያበደሩትም የተበደሩትም ናቸው። ለሙሴያችሁ ቀድመሽ በግል ንገሪያቸው፣ በስብሰባ ላይ አታንሺው።

ገብረ መድኅን

እናቶች መሀል በመግባቴ ይቅርታ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ ቤታችንም አስቤዛ የምገዛው እኔ ነኝ። እትዬ ወለተ ጻድቅ በተናገሩት እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጤፍ ነቀዝ ስለማይነካው በብዛት ቢገዛ አይጎዳም። ሽምብራ፣ ባቄላና ምስርን ግን እንዲሁ በብዛት አትግዢ፤ ክረምቱ ሳያልፍ ነቀዝ ይበላብሻል። እነርሱን ለሽሮ አስፈጭተሽ ወይም አስከክተሽ አስቀምጪ።

የመምህር ደመወዝ ኩንታል በአንዴ አይገዛም፣ ይህ እውነት ነው። ዕቁብ ካላችሁ ዕጣው ጥር ወይም የካቲት ላይ ከደረሰው ሰው ጋር ተራ ተቀያየሩ። ብዙ ሰው ዕጣውን ለመስከረም፣ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ስለሚፈልገው ልውውጡ አያስቸግርም።

አሥራትን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ሌላ ነው። የሱቁ ዱቤ ሳይከፈል አሥራት አይቀድምም ባይ ነኝ። ባለ ሱቁም ልጆች አሉት፤ የእርሱን ገንዘብ ይዞ መስጠት ምጽዋት አይመስለኝም።

ሣራ ከሐዋሳ

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፣ የጾም ሥርዓታችን ከእናንተ ቢለይም የአስቤዛው ጭንቀት አንድ ነው። ወንድም ገብረ መድኅን፣ ዱቤው መከፈል እንዳለበት እቀበላለሁ። ነገር ግን «ዱቤ ሲያልቅ» የሚባለው ቀን በእኛ ቤት መጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ደመወዝ በገባበት ዕለት አሥራቱን ለይተን እናስቀምጣለን፣ በዚያው ዕለት ለባለ ሱቁም ቁርጥ ያለ ገንዘብ እንከፍላለን፤ ከዚያ በተረፈው እንኖራለን። ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ማምጣቱ ነው ለውጡ፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም።

እመ ናርዶስ፣ የመብራት ወጪሽን አይተሽዋል? የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት አካባቢና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ገና ሲግልም ብዙ ይበላል። እኔና ጎረቤቴ ሊጣችንን በአንድ ቀን እናደርሳለን፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ እኔ እጨርስና እርሷ ትቀጥላለች። በሚቀጥለው ጊዜ በእርሷ ምጣድ ነው። ከሦስት ቀን በላይ የሚቆይ እንጀራ አንጋግርም፣ ይሻግታልና። የደረቀውን ግን በፀሐይ አሰጥተን ድርቆሽ እናደርገዋለን።

እመ ናርዶስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የገብረ መድኅንን መልስ አንብቦ ሣቀ፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ዱቤውን የሚጽፈው እኔ ነኝ፣ ረስቶ የሚጨምርበት ደግሞ እርሱ ነው። ነገ ደመወዝ ነው፣ እንደ ሣራ እንሞክረዋለን። ለሙሴያችንም እነግራቸዋለሁ።

እትዬ ወለተ ጻድቅ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። በጾሙ ውስጥ አማቴ ከደሴ መጥተው ሁለት ሳምንት ይቆያሉ፤ አንድ ወጥ ብቻ ባቀርብላቸው ቅር አይላቸውም? ሱፍ ፍትፍትስ እናቴ ስትሠራ አይቻለሁ እንጂ ራሴ ሞክሬው አላውቅም።

ወለተ ጻድቅ

አማትሽን አትፍሪያቸው። ሲመጡ «እማማ፣ እርስዎ በልጅነትዎ በጾም ምን ይበሉ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ያሉሽን ሥሪ። ማንም አማት ከዚያ በኋላ ስለ ወጥ ብዛት አይናገርም፤ እንዲያውም ድስቱን ራሳቸው ይረከቡሻል። አንዱን ቀን ብቻ፣ የመጡ ዕለት፣ በያይነቱ አቅርቢላቸው። ክብር ነውና በዚያ ላይ አትቆጥቢ።

ሱፉ ቀላል ነው። ለቀም አድርገሽ እጠቢው፣ ለዘብ ባለ እሳት አምሺው፣ እንዳያርብሽ። ከዚያ ወቅጠሽ ወይም በመፍጫ ፈጭተሽ በለብ ያለ ውኃ እሺውና በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው። አሰሩን አንዴ አጥልለሽ አትጣዪው፤ ውኃ ጨምረሽ ደግመሽ እሺው፣ አሁንም ነጭ ይወጣዋል። በተጠለለው ላይ ጨው፣ ደቀቅ ያለ ቃሪያና ሽንኩርት ጨምረሽ እንጀራውን ፈትፍቺበት። ለልጆቹ ከመፈትፈትሽ በፊት ቀንሰሽ በጥቂት ስኳር ስጫቸው፣ እንደ ወተት ይጠጡታል።

ስትገዢ ግን አንድ ሁለት ፍሬ ነክሰሽ ቅመሽ። የቆየ ሱፍ ይመራል፣ ከመረረ ደግሞ ምንም አያድነውም።