ከማያውቁት ሰው ጋር ወደ ሥራ መሄድ፦ የሰሜን ቨርጂኒያው ሰልፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ወደ ውድብሪጅ ተዛውሬ ፔንታጎን አጠገብ ሥራ ጀምሬአለሁ። ጠዋት ጠዋት በሆርነር ሮድ የመኪና ማቆሚያ ሰዎች ተሰልፈው ከማያውቁት ሰው መኪና ሲገቡ አያለሁ። ክፍያው ስንት ነው? ለሴትስ አያሰጋም?

መልስ፦ እህታችን፣ ክፍያ የለውም፤ እንዲያውም ገንዘብ መስጠት ከነውር ይቆጠራል። ምክንያቱ የሚገባዎት ከመንገዱ ሲነሱ ነው። አሁን 395 በምንለው፣ ወደ ዋሽንግተን በሚያስገባው አውራ መንገድ መካከል ያሉት መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1969 ለአውቶቡስ ብቻ ተከፈቱ፤ የነዳጅ ችግር በተነሣበት በ1973 ደግሞ ሾፌሩን ጨምሮ 4 ሰው ለያዘ መኪናም ተፈቀዱ፤ በኋላ ቁጥሩ ወደ 3 ዝቅ አለ። ብቻውን የሚነዳ ሰው ዛሬ ወይ በተጨናነቀው መስመር ይንፏቀቃል፣ ወይ እንደ ትራፊኩ ብዛት ከፍና ዝቅ የሚለውን የኤክስፕረስ መስመር ዋጋ ይከፍላል፤ ሁለት ሰው ሲጭን ግን ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የተባለውን የመንገድ ክፍያ መሣሪያውን ወደ ኤች ኦ ቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና) አዙሮ በነፃ ያልፋል። ስለዚህ እርስዎ ወንበሩ ላይ በመቀመጥዎ ብቻ ሒሳብዎን ከፍለዋል።

ተሳፋሪዎቹ «ስለግ» ይባላሉ። ስሙን ያወጡት የአውቶቡስ ሾፌሮች ናቸው ይባላል፤ ፌርማታ ላይ ቆመው አውቶቡስ የማይሳፈሩትን ሰዎች አንዳንዱ በሳንቲም ሳጥኑ ውስጥ ከሚጥላት፣ በእንግሊዝኛ «ስለግ» ከምትባል የሐሰት ሳንቲም ጋር አመሳስለዋቸው ነው።

አዲስ አበባ ታክሲ ተሰልፎ ላደገ ሰው ሰልፉ እንግዳ አይሆንበትም፤ የጎደለው ወያላው ብቻ ነውና ሾፌሩ ራሱ በመስኮት «ፔንታጎን!» እያለ ይጣራል። የሚከብደን ዝምታው ነው። ሾፌሩ ካልጀመረ ተሳፋሪ ወሬ አይጀምርም፤ ስልክ አያወራም፣ አይበላም፣ መስኮት ወይም ሬዲዮ አይነካም፤ ሃይማኖትና ፖለቲካም አይነሣም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሾፌሩን ስለ ቤተሰቡ ጠይቄ፣ ስለ አገራችን ሁኔታ ማብራራት ስጀምር፣ የሬዲዮው ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ ሲል ነው የገባኝ። ሲገቡ ሰላምታ፣ ሲወርዱ ምስጋና ይበቃል።

ስለ ሥጋትዎ፣ ከሰልፉ ደንቦች ሁሉ ጠንካራው ሴትን ብቻዋን ትቶ አለመሄድ ነው። ወደ ኋላ የምትቀረው አንዲት ሴት ብቻ ከሆነች፣ ከፊቷ ያለው ሰው ተራውን ይለቅላታል።

ሌላ መልስ፦ ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ በሴትነቴ ጥቂት ልጨምር። መኪናው ወይም ነጂው ካላማረዎት «አመሰግናለሁ፣ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ» ብለው መተው ይችላሉ፤ ማንም አይቀየምም። የሰሌዳ ቁጥሩን ለባለቤቴ በመልእክት የምልክባቸው ቀናት ነበሩ።

ይህ መንገድ ግን ሰዓቱ ለማይለዋወጥ የቢሮ ሥራ የተመቸ ነው። ብዙዎቻችን እንደምናደርገው በሆስፒታል ወይም በሆቴል የማታ ሺፍት ለሚገባ ሰው አይሆንም፤ ሲመሽ ሾፌርም ሰልፍም የለምና። ስለዚህ የመጨረሻውን የኦምኒራይድ አውቶቡስ ሰዓት ይያዙ። ድንገተኛ ችግር ሲያጋጥም በነፃ ወደ ቤት የሚያደርስ «ጋራንቲድ ራይድ ሆም» የተባለ የክልሉ አገልግሎት ስላለ፣ አስቀድመው ይመዝገቡበት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የመልሱ ጉዞ ነው። ከሰዓት በኋላ ሾፌሮች የሚጠሩት የማቆሚያውን ስም እንጂ የከተማውን አይደለም፤ በዚያው አካባቢ ሆርነር ሮድ አለ፣ ፖቶማክ ሚልስ አለ፣ ታኬትስ ሚል አለ። እኔ አንድ ቀን በድካም «ሚልስ» ሲባል ሰምቼ ገባሁ። መኪናዬ ግን ሆርነር ሮድ ነበረች፤ ባለቤቴ ልጆቹን ከነፒጃማቸው ጭኖ ሊወስደኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ የማቆሚያውን ስም መልሼ ሳልጠይቅ በር አልከፍትም።