የመጀመሪያ ክሩዘር፦ የኋላ ካንዴላው ብቻ የሚጠቁር ቪ-ስታር 650 ወይስ አቬንጀር 220?

ጅማ ላይ ያገለገሉ ሁለት ክሩዘሮች (ዝቅ ያለ መቀመጫ ያላቸው ሞተር ሳይክሎች) ቀርበውልኛል፦ ባጃጅ አቬንጀር 220 እና ያማሃ ቪ-ስታር 650። ቁመቴ 1.68 ሜትር ነው፤ ሁለቱም ላይ እግሬ መሬት ይረግጣል። የምነዳው ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ነው፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ አጋሮ ደርሶ መልስ።

አቬንጀሩ 160 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ጭቃ ላይ ለጀማሪ ይታዘዛል፤ ካቴናው ግን ክረምቱን ሙሉ እጠቡኝ፣ ቅቡኝ ማለቱ አይቀርም። ቪ-ስታሩ በካቴና ፋንታ በሻፍት (ኃይሉን ወደ ጎማው በሚያደርስ የብረት ዘንግ) ስለሚነዳ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ክብደቱ ከ220 ኪሎ በላይ ነው፤ ዳገት ላይ ሲቆም ያስታውቃል።

ቪ-ስታሩ ቆሞ የከረመ ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ይንተፋተፋል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ጥቁር ጭስ ይተፋል። የአየር ማጣሪያው ጸዳ፣ ሁለቱም ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ተቀየረ፣ ቾኩም (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነዳጅ የሚያበዛው) ተመልሷል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ሲፈታ የፊተኛው ካንዴላ ቡናማ ነው፤ የኋለኛው ግን ደረቅ ጥቀርሻ ለብሷል፣ ጣት ያጠቁራል። የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም።

መካኒኩ "ከፍታው ነው" አለ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) ነዳጅ ያበዛል፣ እውነት ነው። ግን ከፍታ ቢሆን ሁለቱንም እኩል ያጠቁር ነበር። ለየሲሊንደሩ የራሱ ካርቡራተር ስላለው ጥርጣሬዬ የኋለኛው ላይ ነው፦ ወይ የተንሳፋፊው መርፌ (ነዳጁ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው) ተበልቷል፣ ወይ የቾኩ ፒስተን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

ይህን ሞተር ፈታታችሁ የምታውቁ፣ የኋላውን ካርቡራተር አጽድቶ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች መቀየር ይበቃል ወይስ ትቼው አቬንጀሩን ልውሰድ?