የአዌቱ ዳር ጨፌ ፕሮፖዛል፦ "ይታጠር" የሚለው ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? በአዌቱ ወንዝ ዳር ስላለው ጨፌ፣ ማለትም ስለ ረግረጋማው የሣር ሜዳ፣ ለጅማ ከተማ አስተዳደር የምናስገባውን ረቂቅ እንደገና አነበብኩት። ችግሩ በደንብ ተጽፏል፤ ቆሻሻው፣ ለጡብ የሚቆፈረው አፈር፣ ከዳር የሚገፋው ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም አለ። መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። "ይታጠር፣ ችግኝ ይተከልበት" ይላል። እንዲህ ካደረግን ጨፌውን የምናጠፋው እኛው ነን።

ጨፌው እስከ ዛሬ የቆየው ስለሚታጨድና ስለሚጋጥ ነው። ከብት ካልገባበት፣ ማጭድ ካልነካው፣ ሣሩ አርጅቶ ይተኛና ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። ዛፍ ከሞላንበት ደግሞ ጥላው ሣሩን ይገድለዋል። ባሕር ዛፍ ከሆነማ ውኃውንም ይመጠዋል። ችግኝ መትከል ማን ይጠላል? ዶቅማና ሾላ ወንዙ ጠርዝ ላይ፣ አፈሩ በሚናድበት በኩል ይተከሉ። መሀሉ ለሣር ይተው።

ሌላው ጎርፉ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ገና በበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። አዌቱ ሲሞላ ውኃው የሚተኛበት ሜዳ ይፈልጋል። ጨፌው ውኃውን ይይዛል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ይለቃል። ሜዳው ከተደፈነ ውኃው ሰው ቤት ይገባል። ደለሉም ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ በጊልገል ጊቤ ወንዝ አድርጎ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ወደተሠራው ግድብ ይወርዳል። አስተዳደሩን የሚያሳምነው ይህ ነውና ከፊት እናስቀድመው።

የከብት ባለቤቶች ተወካይ፦
አላህ ይስጥህ ልጄ። "አጥር" ሲባል እኛ ቤት ሁሉም ደንግጦ ነበር። ግን እኛም የምናስተካክለው አለ። ሐምሌና ነሐሴ መሬቱ ጭቃ ሲሆን ከብት ከረገጠው ሣሩ ከሥሩ ይነቀላል። በእነዚህ ወራት ረግረጉ ውስጥ እንዳናስገባ እንስማማ። በምትኩ ከላይኛው ደረቅ መሬት አጭደን እንድንወስድ ይፈቀድልን።

ሣር አጫጆችን ወክዬ፦
እኛ ለቡና ጉዝጓዝ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለዒድ የምንሸጠው ከዚያ ነው። ጨፌውን ከፋፍለን በተራ እናጭዳለን፤ አንዱ ክፍል ዘሩን እስኪያራግፍ ይቆያል። የኔ ጥያቄ ፍሳሹ ነው። ቱቦው በሚገባበት በኩል ሣሩ ይሸታል፣ ማንም አይገዛንም። እናቶች ልጅ አዝለው እዚያ ውኃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያጭዱት። እባካችሁ ይህ አንደኛ ይሁን።

አባል፦
ቦዬ ላይ ጎብኚ ጉማሬና ወፍ ሊያይ ይሄዳል። እዚህስ አግዳሚ ወንበርና ካፌ ቢኖረን?

ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ ወንበር ከላይ መንገዱ ዳር ይሁን፣ ደስ ይላል። ካፌ ግን ኮንክሪት ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። እኔ አልደግፍም። የእህታችንን ጥያቄ ግን አንደኛ አድርጌዋለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው፤ እሱን ጠቅሼ ጽፌዋለሁ።

ጡብ ሠሪዎቹን "ይባረሩ" የሚለውንም አውጥቼዋለሁ። የሰፈራችን ልጆች ናቸው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ሌላ የአፈር ቦታ እንዲሰጣቸው እንጠይቅ፤ የተቆፈረው ግን ይደፈን። ውኃ አቁሮ ትንኝ እያራባ ነው።

አሁን ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ "ጨፌው ሳይታጠር፣ ሳይደፈንና ሳይገነባበት የጋራ የሣር መሬት ሆኖ እንዲከለል፤ የአጨዳውንና የግጦሹን ጊዜ ተጠቃሚዎቹ ከቀበሌው ጋር እንዲወስኑ።"

የቀረው ወሰኑ ነው። ያለ ካርታ ከሄድን ነገ ማንም ይቆርሰዋል። ሐሙስ ገበያ ነው፣ ዓርብ ጁምዓ አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ጋ እንገናኝና ድንበሩን አብረን እንዙር። አባታችን፣ ድሮ ውኃው እስከ የት ይተኛ እንደነበር የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ይዘውልን ይምጡ።