ማታ ስገባ ቪድዮ ከፍቼ እተኛለሁ፣ ሰርታችሁ የምትማሩ ሰዎች መቼ ነው የምትማሩት?

የኮዬው ልጅ፦
ሰላም ወገን። መርካቶ የህንፃ መሳሪያ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ቤቴ ኮዬ ፈጬ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ማታ ስገባ አንዳንዴ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በዛ በ5 ሚሊዮን ኮደርስ (የመንግስት የኦንላይን ስልጠና) ተመዝግቤ ዳታ ሳይንሱን ጀምሬ ነበር፣ ነፃ ነው ሰርተፍኬትም አለው ሲባል ሞቅ ብሎኝ። እራት በልቼ ጋደም ብዬ ቪድዮውን እከፍትና አስር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ አፍንጫዬ ላይ ይወድቃል፣ እውነቴን ነው አንዴ አብጦ ስራ ቦታ "ማን መታህ" ተብያለሁ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስራ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ልብስ አጠባ፣ ለቅሶ... ሶስተኛው ትምህርት ላይ ከቆምኩ ስድስት ወር አለፈኝ። ስንፍና ነው ወይስ ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ ስንፍና አይደለም፣ ማታ ላይ ጭንቅላት የለም በቃ። እኔ ማታውን ትቼ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ልጆቹ ሳይነሱ ግማሽ ሰዓት እንግሊዝኛ እሰራለሁ፣ እሱም 3 ሰዓት ላይ ከተኛሁ ነው እንጂ ካመሸሁማ አላርሙን አጥፍቼ ድብን ነው። የምጋግር ቀን ደግሞ ኢርፎን አድርጌ አዳምጣለሁ፣ አንዱ እንጀራ እስኪበስል አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ደግሜ እላለሁ። ሰዋስው ግን ምጣድ ላይ አይሆንም፣ ሞክሬው አሳርሬያለሁ 😂

ከቨርጂኒያ፦
እኔ ለሲዲኤል (የትልቅ መኪና መንጃ ፈቃድ ማለት ነው) ያጠናሁት ኡበር እየነዳሁ፣ ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው። የመጀመሪያው የጽሁፍ ፈተና 50 ጥያቄ ነው፣ ለማለፍ 40 መመለስ አለብህ። ማኑዋሉን ሁለቴ ከዳር እስከዳር አንብቤ 36 አምጥቼ ወደቅኩ። ያነበብኩት ሁሉ የማውቀው ይመስለኝ ነበር ለካ አይቼው ብቻ ነው። ከዛ አንድ ልጅ አንኪ የሚባል አፕ አሳየኝ፣ አንድሮይድ ላይ በነፃ ነው፣ ጥያቄውን ከፊት መልሱን ከኋላ ትጽፋለህ፣ የሳትከውን ቶሎ ቶሎ ያመጣብሃል ያወቅከውን እያራቀ ይጠይቅሃል። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እንደ ፈረንጅ በ1885 ራሱ ላይ ሞክሮ የጻፈው ነው፣ አንዴ የሸመደድከው በአንድ ቀን አብዛኛው ይጠፋል፣ ቀናት እያረፍክ ከከለስከው ግን ይቆያል። አምስት ደቂቃ ካገኘህ ስድስት ሰባት ካርድ ትሰራለህ፣ መንገደኛ ከመጣ ትዘጋዋለህ። በሁለተኛው አለፍኩ።

ደብተር ያዥ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ሰዓት ፍለጋ ላይ ናችሁ። አንኪ ለሽምደዳ ጥሩ ነው፣ ዳታ ግን እጅህ ካልነካው አይገባም። በዛ ላይ መርካቶ ሰልፍ ላይ ስልክ አውጥቶ መማር... መንታፊው ነው የሚማርልህ። ወንድሜ ስቶር ኪፐር ነኝ ብለሃል፣ የሳምንቱን ሪፖርት ስንት ሰዓት ነው የምትሰራው? ቢን ካርድ (የእቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን) ዘርግተህ በካልኩሌተር እየደመርክ ከሆነ ዳታ ሳይንሱን ለጊዜው ተወውና ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል (ዝርዝሩን በእቃ በእቃ ለይቶ የሚደምርልህ ማለት ነው) ብቻ ተማር፣ በራስህ ስቶክ፣ በስራ ሰዓት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ። አለቃህ ቢያይህም ሪፖርት እየሰራህ ነው።

የኮዬው ልጅ (ከሶስት ሳምንት በኋላ)፦
ደብተር ያዥ እግዜር ይስጥህ ግን መጀመሪያ ጉድ ሰርተኸኝ ነበር። ፒቮቱን ሳወጣው ቁጥር 8 ሚስማር ሶስት ቦታ መጣ! አንዱ "ሚስማር" አንዱ "ምስማር" ተብሎ ተጽፏል፣ ሶስተኛው ደግሞ ልክ እንደ መጀመሪያው ነው፣ አፍጥጬ አፍጥጬ ልዩነቱ አልታይ አለኝ፣ ለካ ከኋላው ባዶ ስፔስ አለ። "ቀለም" ራሱ አራት ዓይነት ነው። ያንን ሳጸዳ የመጀመሪያው አርብ ከካልኩሌተሩም በላይ ፈጀብኝ፣ ልተወው ነበር። ባለፈው አርብ ግን ሶስት ሰዓት የሚፈጀው በ40 ደቂቃ አለቀ፣ በተረፈችው ሶስተኛውን ቪድዮ ዴስኬ ላይ ጨረስኩት፣ አፍንጫዬም ደህና ነው 😂 አሁን አንድ ጥያቄ፣ አብረውኝ የሚሰሩት ልጆች የእቃ ስም እንደፈለጉ እንዳይጽፉ ማስገደድ ይቻላል?

ደብተር ያዥ፦
ይቻላል። ስሞቹን ሌላ ሺት ላይ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፋቸው፣ ከዛ ዳታ የሚለው ውስጥ ገብተህ ዳታ ቫሊዴሽን፣ ሊስት በለው፣ ከዝርዝሩ ከመምረጥ ውጪ አይቀበላቸውም። ስፔሷን ትሪም (TRIM) በሚባለው የኤክሴል ፎርሙላ አጥፋት። ሚስማር ነው ምስማር የሚለውን ግን እናንተው ተስማሙ።