ብሮኮሊ በሞቃት አገር መቼ ይተከላል?

ጥያቄ (የአራት ኪሎዋ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ በግቢያችን ጥግ ባለች ቁራጭ መሬት ብሮኮሊ አበቅላለሁ፤ የሚበላው ራሱ ድፍንና ጠንካራ ሆኖ ይደርሳል። አዳማ የምትኖረው እናቴ ከዚያው ዘር ያፈላችውን ችግኝ በየካቲት ተከለች። ውኃም ፍግም አልጎደለበትም። ይሁን እንጂ ራሱ ከስኒ አፍ ሳይሰፋ ተበታተነና ቢጫ አበባ አወጣ። አሁን ሐምሌ ነው፤ እንደገና ልትሞክር ትፈልጋለች። መቼ ትትከል?

መልስ (ጓሮ ወዳድ)፦ እህቴ፣ እናትሽ ምንም አላጠፉም፤ ወሩ ነው ያልተስማማቸው። ብሮኮሊ የጥቅል ጎመን ዘመድ ነው፤ ራሱን በደንብ የሚቋጥረው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለ አየር ነው። ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሰነብት እምቡጦቹ ይላላሉ፣ ፈጥነውም ያብባሉ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ በየካቲት የተተከለው ራስ ሊቋጥር ሲል ሙቀቱ ላዩ ላይ ነው።

ስለዚህ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እዚያ የሚቀዘቅዘው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ራሱ በታኅሣሥ ይቋጠር። ችግኙ መደብ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ እንደ ዝርያው ከ60 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ዘሩ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ መደብ ላይ ይውደቅ፤ ችግኙ ጥቅምት ሲገባ ይዛወር። ዘር ሲገዙም ቶሎ የሚደርሰውን ዝርያ ይምረጡ።

መልስ (የፒያሳ እናት)፦ ልጄ፣ እናትሽን ችግኙን ሲመሽ እንዲያዛውሩ ንገሪያቸው። በጠራራ ፀሐይ የተተከለ ችግኝ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ብሮኮሊ ደግሞ ገና በልጅነቱ ትንሽ ራስ ይቋጥርና በዚያው ይቀራል። በችግኞቹ መካከል 45 ሳንቲሜትር ይተዉ፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ያልብሱት። ውኃው አይቋረጥ!

መልስ (ካዛንቺስ)፦ እኔ ግን ለምን እስከ መስከረም ይጠበቃል እላለሁ። ዝናቡ እያለ አሁኑኑ ቢተከል ማጠጣቱ ይቀልላቸዋል።

መልስ (ጓሮ ወዳድ)፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ውኃ የሚተኛበት መሬት ሥሩን ያበሰብሳል፤ ቅጠሉም ሳይደርቅ ሲውል ሻጋታ ይይዘዋል። አሁን ያለው ጊዜ መሬቱን ለማዘጋጀት ይዋል፤ የበሰበሰ ፍግ ይደባለቅበት። ትኩስ ፍግ አይሁን።

መልስ (የፒያሳ እናት)፦ መቁረጡም ጊዜ አለው። እምቡጦቹ ገና ጥቅጥቅ እንዳሉ ከግንዱ ጋር ይቆረጥ፤ ቢጫ እስኪታይ አይጠበቅም። ተክሉን ግን አትንቀሉት፤ ከጎኑ ትንንሽ ራሶች ይወጣሉና ለተጨማሪ ሳምንታት ትበላላችሁ። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ከቅጠሉ ሥር መደበቅ ይወዳል፤ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው። ጥቂት ሲሆን በውኃ ታጥቦ ይለቃል።

ጥያቄ (የአራት ኪሎዋ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በነሐሴ መጨረሻ ከተዘራ ግን ዝናቡ መደቡን አይመታውም?

መልስ (ጓሮ ወዳድ)፦ ይመታዋል። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ይሥሩት፤ በአራት እንጨት ላይ ፕላስቲክ ወጥረው ጎኑን ክፍት ይተዉት። ዝናብ ሲያቆም ፕላስቲኩ ይነሣ፤ ብርሃን ያጣ ችግኝ ይቀጥናል።