ፓቹ ለምን እምቢ አለኝ? ከእንቅልፍ ሲነሣ የቁልፍ ሰሌዳው ለማይሠራ ላፕቶፕ ከርነል ማዘጋጀት

ጠያቂ፣ ተማሪ፣ አዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። ክዳኑን ዘግቼ መልሼ ስከፍተው ስክሪኑ ይበራል፤ የቁልፍ ሰሌዳውና የመዳሰሻ ሰሌዳው ግን አይሠሩም። አጥፍቶ ከማስነሣት በቀር መላ የለውም። ሳፈላልግ ለዚሁ ሞዴል የተጻፈ የጥቂት መስመር ፓች (በምንጭ ኮድ ላይ ለውጥ የሚያስገባ ፋይል) አገኘሁና ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን ዋና አካል፣ ራሴ ኮምፓይል ለማድረግ (ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት) ተነሣሁ። በእጄ ያለው የምንጭ ኮድ 6.12.20 ነው፤ ፓቹ የተዘጋጀው ግን ለ6.12.21 ነው። ዳታ እንዳላባክን ሙሉውን ትቼ ከከርነል ዶት ኦርግ የ6.12.21ን ፓች ብቻ አወረድኩ። ሳስገባው «የተገለበጠ ወይም ቀድሞ የገባ ፓች ነው፤ ልገልብጠው?» የሚል ጥያቄ በየፋይሉ መጣብኝ። «አዎ» እያልኩ አለፍኩት። አሁን ኮምፓይሉ በስሕተት ተሞልቶ ይቆማል። በዚያ ላይ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑም አብሮ ይሄዳል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ግሎ በራሱ ይጠፋል። ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። እባካችሁ ከየት ልጀምር?

የሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ሐዋሳ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የፓቹ አይደለም፣ የቁጥሩ ነው። የ6.12.21 ፓች የሚገባው በ6.12.20 ላይ ሳይሆን በመነሻው በ6.12 ላይ ነው። ከ6.12 ወዲህ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ አንድ ላይ ይዟል። አብዛኛው በአንቺ ኮድ ውስጥ ቀድሞ ስላለ ነው «ቀድሞ የገባ ነው» ያለሽ። «አዎ» ስትዪው ደግሞ የነበረውን ጥገና ከየፋይሉ አወጣው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ «ሜክፋይል.ሬጅ» የሚባል ፋይል ተፈጥሮ እንደሆነ ክፈቺው። «ሰብሌቭል 0» የሚለውን (የሥሪቱን የመጨረሻ ቁጥር) አንሥቶ 21 ሊተካ ሲል ያገኘው 20ን ስለሆነ እምቢ ያለበት ቦታ ይታይሻል።

ያንን የኮድ ማውጫ (ፎልደር) ለማዳን አትድከሚ፤ ሰርዢውና 6.12.20ን ከታሸገው ፋይል እንደገና አውጪ። ከዚያ እዚያው ድረ ገጽ ላይ «ኢንከር» በሚባለው ማውጫ ውስጥ ከ20 ወደ 21 ብቻ የሚያሻግር ትንሽ ፓች አለ፤ እርሱን አስገቢ። የላፕቶፕሽ ፓች ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሁለቱንም ከማስገባትሽ በፊት በ«--ድራይ-ረን» ሞክሪያቸው፤ አንድም ፋይል ሳይነካ ይገባ እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግርሻል። ፓች ጥያቄ ከጠየቀሽ መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው፤ ቆም ብለሽ ምክንያቱን ፈልጊ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ፦
ልጄ፣ ሌሊቱን ሁሉ ከመድከምሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ያገኘሽው ፓች የሚነካው የ«አይ8042»ን (የቁልፍ ሰሌዳንና የመዳሰሻ ሰሌዳን የሚያስተዳድረው የከርነል ክፍል) ሰንጠረዥ ከሆነ፣ ሥራው ለላፕቶፕሽ ሞዴል አንድ ሁለት ምርጫዎችን መመዝገብ ብቻ ነው። እነዚያን ምርጫዎች ኮምፓይል ሳታደርጊ መስጠት ትችያለሽ። ላፕቶፑ ሲነሣ ከርነል የሚመረጥበት የግራብ ዝርዝር ሲመጣ የ«ኢ»ን ፊደል ተጫኚ፤ «ሊኑክስ» በሚል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «አይ8042.ሪሴት አይ8042.ኖመክስ» ጨምሪና በኤፍ10 አስነሺው። የሚሠራው ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ምንም አያበላሽም።

ስለ ሙቀቱ፦ የአዳማን አቧራ እኛ እናውቀዋለን። የታችኛውን ክዳን ብትከፍቺ በማራገቢያውና በመዳብ ክንፎቹ መካከል እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ ታገኛለሽ። እላዩ ላይ መንፋት አይበቃም፤ ማራገቢያውን ፈትቶ አንሥቶ በለስላሳ ብሩሽ ማውጣት ነው። በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታም ደርቆ ይሆናልና ይቀየር።

ሌላ ተማሪ፣ አዳማ፦
በ4 ጊጋባይት ራም እኔም ሠርቻለሁ። ሦስት ነገር አድርጊ። ከ«ሜኑኮንፊግ» (የከርነሉ ምርጫዎች ማስተካከያ) ውስጥ የዲባግ (የስሕተት መፈለጊያ) መረጃን አጥፊ፤ እርሱ ካልጠፋ መጨረሻው ላይ ራም ይጨርስና ሥራው «ኪልድ» ብሎ ይቆማል፣ ዲስኩንም ይሞላዋል። ኮምፓይሉን በ«-ጄ2» (ሁለት ሥራ በአንዴ) ብቻ አስኪጂው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ»ን ተጠቀሚ፤ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ያሉትን ሞጁሎች (የከርነሉን ተጨማሪ ክፍሎች) ብቻ ስለሚያስቀር ሰዓታት ይቆጥብልሻል። ግን ትዕዛዙን ከመስጠትሽ በፊት የምትጠቀሚበትን ዕቃ ሁሉ ሰኪ። እኔ ኢንተርኔት የማገኘው በዩኤስቢ ገመድ ከስልኬ ነው፤ ስልኩን ሳልሰካ ስላዘጋጀሁት አዲሱ ከርነል ስልኬን ጨርሶ አላውቅህም አለው።

የሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ሐዋሳ፦
መብራት ቢሄድ አትደንግጪ፤ ኮምፓይሉን የሚያስኬደው «ሜክ» ካቆመበት ይቀጥላል። በድንገት ሲጠፋ ግን በግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊቀር ስለሚችል፣ ስማቸው በ«.ኦ» የሚያልቅ (ኮምፓይሉ የሚያወጣቸው) እና መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ፈልገሽ ሰርዢ። ሌሎች ባዶ ፋይሎችን እንዳትነኪ፤ ባዶ መሆን ያለባቸው አሉ። ሴኪዩር ቡት (ሲነሣ ፊርማ የሚያጣራው የላፕቶፑ ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ያልተፈረመበትን ከርነል አያስነሣም። የድሮውንም ከርነል አታጥፊ፤ አዲሱ ቢሰናከል ከግራብ ዝርዝር ትመለሺበታለሽ።

ጠያቂ፣ ተማሪ፣ አዳማ፦
ጋሼ፣ በግራብ የሰጡኝ ሠራ! ክዳኑን አምስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት፣ አምስቱንም ጊዜ የቁልፍ ሰሌዳው መለሰልኝ። የጀመርኩትን መተው ስላልሆነልኝ ግን አቧራውን አስወጥቼ፣ ስልኬን ሰክቼ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ኮምፓይሉን አስጀመርኩት። አንድ ጊዜ መብራት ሄደ፤ ሦስት ባዶ የ«.ኦ» ፋይሎች አግኝቼ ሰረዝኩና ቀጠለ። ጠዋት ላይ የከርነሉን ሥሪት በ«ዩኔም -አር» ስጠይቅ 6.12.21 አለኝ፤ አሁን ያለ ግራቡ ምርጫም ክዳኑ ሲከፈት ሁሉም ይሠራል። ወደ ቀጣዩ 22 ስሻገር የላፕቶፑን ፓች መጀመሪያ ማውጣት አለብኝ?

የሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ሐዋሳ፦
ግድ አይደለም። ከ21 ወደ 22 የሚያሻግረውን በ«--ድራይ-ረን» ሞክሪ፤ ያንኑ ሰንጠረዥ ካልነካ ያለ ችግር ይገባል። ከተጋጨ በፓች መገልበጫ ምርጫ በ«-አር» ያንቺን አውጪ፣ አዲሱን አስገቢ፣ ያንቺን መልሺ። ምናልባት ያንቺው ፓች በ22 ውስጥ ገብቶ ይሆናልና አስቀድመሽ የሞዴልሽን ስም በሰንጠረዡ ውስጥ ፈልጊ።