ያቁትን አፍቃሪ አድርጌ ብጽፈው በደልኩት ይሆን?

የሸዋበሯ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሸዋ በር ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ድሪያ፣ ሻሽ፣ ፖፕሊን እሸጣለሁ። ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ክረምት ላይ ጦሳ ጉም ሲለብስ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያኔ ከጣቃዎቹ መሃል ቁጭ ብዬ በደብተር እጽፋለሁ። አሁን አምስተኛው ደብተር ላይ ደርሼ አላራምድ አለኝ።

ታሪኩ የህንድ ነው። እኛ ቤት ያደግነው በህንድ ፊልም ነው። እናቴ ቋንቋውን አንድ ቃል ሳትሰማ ታለቅስ ነበር። ይሄኛው ግን ከፊልም አልመጣም። አንዲት ደንበኛዬ ባዋሰችኝ መጽሐፍ ላይ ነው ራዚያን ያገኘኋት።

ራዚያ የዴሊ ሡልጣን ነበረች። የንጉሥ ሚስት ሆና አይደለም፣ ራሷ ነግሣ ነው። በፈረንጆቹ ከ1236 እስከ 1240 ገዛች። አባቷ ኢልቱትሚሽ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ የመጣ ሰው ነው፤ ኋላ ሡልጣን ሆነ። ወንዶች ልጆች እያሉት እሷን ወራሽ አድርጎ መረጠ። እሷም ከነገሠች በኋላ መጋረጃውን ትታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ዝሆን ላይ ተቀምጣ ሕዝብ ፊት ወጣች።

አጠገቧ ጀማል አድዲን ያቁት የሚባል ሰው ነበር። ሀበሻ ነው። የፈረሶቿ አለቃ አድርጋ ሾመችው። በእኛ ወግ ባልደራስ ማለት ነው። የቱርክ መኳንንት ይሄ ሹመት አንገበገባቸው። ከዚያ ወሬው መጣ። ፈረስ ላይ ስትወጣ እጁን ሰጥቶ ያወጣታል፣ በመሃላቸው ነገር አለ ተባለ። በ1240 አልቱንያ የሚባል የባቲንዳ ገዢ አመፀባት። ልትወጋው ዘምታ ሳለ የገዛ መኳንንቷ ያቁትን ገደሉት፣ እሷን አሰሯት።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አንድ ልጅ ቀጥሬ ነበር። ከኩታበር የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ታማኝ ልጅ። ጣቃ ያወርድልኛል፣ ማታ ሱቅ ይዘጋልኛል። አንድ ቀን የላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጥቼ በርጩማው ከዳኝ። እጄን ይዞ አወረደኝ። ከመንገዱ ማዶ ያየ ሰው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ለልጁ ቤተሰብም ደረሰ። እኔን ማንም ፊት ለፊት አልተናገረኝም። እሱን ግን መንገድ ላይ ይሰድቡት ነበር። አንድ ሌሊት በጅቡቲ በኩል ወጣ። ጅዳ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ደውሎልኝ አያውቅም። በመሃላችን ምንም አልነበረም። ወላሂ ምንም።

እና ያቁትን ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ጭንቀቴ ይሄ ነው። የጀመርኩት የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ራዚያና ያቁት ካልተዋደዱ ታሪኩ ይደርቅብኛል። ከተዋደዱ ደግሞ የገደሉትን ሰዎች «ልክ ነበራችሁ» ማለቴ አይደለም? የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። ምን ላድርግ?

የመጀመሪያዋን አንቀጽ ልጥፈው፣ ስህተት ካያችሁ ንገሩኝ፦ «ያቁት ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ፈረሶቹ ወረደ። ከቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት የበርበሬና የእርድ ሽታ ይመጣል። ሩቅ ላይ ረጅሙ ሚናራ ጭጋጉን ወግቶ ቆሟል።»

መምህር ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት።

መጀመሪያ ወሬው ከየት እንደመጣ እንይ። ሚንሃጅ ሲራጅ የሚባል ሰው አለ። በራዚያ ዘመን ዴሊ ውስጥ የኖረ፣ ቃዲ የነበረ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የጻፈው ያቁት እሷ ዘንድ ቅርበትና ሞገስ እንዳገኘ፣ የቱርክ መኳንንትም እንደቀኑበት ነው። ከዚያ አላለፈም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተጓዡ ኢብን ባቱታ ዴሊ ደረሰ። እሱ ከሀበሻ ባሪያዋ ጋር ታማች ብሎ ጻፈ። ኢሳሚ የሚባለው ደግሞ በ1350 አካባቢ ያንን የፈረሱን ነገር በግጥም አስገባው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉት ጨመሩበት። ልብ በይ፣ ዘመኑ በራቀ ቁጥር ወሬው እየወፈረ ነው የሄደው። በዓይኑ ያየው ሰው ያላለውን፣ ያላዩት አሉት።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቂኝ ፍቅሩን ተይው። ሹመቱን ጻፊ፣ ቅናቱን ጻፊ። ሴት ሡልጣንና ሀበሻ ባልደራስ ቱርኮቹ መሃል ብቻቸውን መቆማቸውን ጻፊ። እሱ ራሱ ልብ ያንጠለጥላል።

አንቀጽሽ ደስ ይላል። ሚናራው ትክክል ነው። ኩትብ ሚናርን የራዚያ አባት ነው ያስጨረሰው። በርበሬውን ግን አውጪው። በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ፖርቹጋሎች ህንድ የደረሱት በ1498 ነው፤ በርበሬውም ከእነሱ በኋላ ነው የገባው። በራዚያ ዘመን ማድ ቤት ውስጥ ቁንዶ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ የሚመስለው ሄል ነበሩ። በዚያ ዘመን እኛም አገር ያለ በርበሬ ነው ወጥ የሚሠራው። ቲማቲምና ድንችም እንዲሁ ናቸው። ታጅ ማሃልንም እንዳታስገቢ። መቃብር ሆኖ የተሠራላት ሙምታዝ ማሃል የሞተችው በ1631 ነው፤ ግንባታው በዓመቱ ተጀመረ። ከራዚያ ጋር 400 ዓመት ገደማ ይራራቃሉ።

ያቁት አገሩን እንዲያስታውስ ከፈለግሽ ደግሞ በእኛ በኩል ዘመኑ የዛጉዬ ነው። ይኩኖ አምላክ የነገሠው በ1270 ነው። ያቁት ከየትኛው አካባቢ እንደተወሰደ ግን አልተጻፈም። ህንዶች «ሀበሺ» የሚሉት ከቀይ ባህር ወዲህ የመጣውን ብዙ ዓይነት ሰው ነው። ወሎዬ አድርጊው ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አልልሽም።

ሐረጎ

እትዬ፣ መምህርን አከብራለሁ። በፍቅሩ ጉዳይ ግን አልስማማም።

እኔ የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ነኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ስመላለስ ሐረጎን ስንወጣ ነው የማነበው። እና ያንቺን ጥያቄ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። «ከተዋደዱ ገዳዮቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው» ብለሻል። ለምን? ቢዋደዱስ? አንድ ሰው ንግሥቱን ስለወደደ ይገደላል? ንግሥት ባልደራሷን ስለወደደች ዙፋን ትነጠቃለች? የመኳንንቱ ክፋት ወሬው ውሸት መሆኑ ላይ አይደለም። እውነት ቢሆንም ክፉዎች ናቸው። እኮ አባቷም ባሪያ ነበር! እነዚያ መኳንንት ራሳቸው ብዙዎቹ ተሸጠው የመጡ ናቸው። እነሱ ሲሾሙ ጥሩ፣ ሀበሻው ሲሾም ነውር።

ያንቺም ነገር እንደዚያው ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና። ከልጁ ጋር ምንም እንዳልነበረ አምንሻለሁ። ቢኖርስ ግን? ባልሽ ሞቷል። ልጁን ሊያሳድዱት መብት አይኖራቸውም ነበር። አንቺ «ምንም አልነበረም» እያልሽ ስትምይ የእነሱን ፍርድ ቤት ተቀብለሽ ነው የቆምሽው።

ስለዚህ ፍቅር ጻፊ። ግን እንደ ፊልሙ ዝናብ ውስጥ አታስጨፍሪያቸው። የእኛን አገር ዘፈን አስቢ። አምባሰል ሲዘፈን አንድም «እወድሻለሁ» ሳይባል ሰው ያለቅሳል። ተራራውን ይጠራል፣ መንገዱን ይጠራል፣ አለቀ። ያቁትም ስለ ፈረሶቹ ብቻ ይናገር። የትኛው ፈረስ እንደታመመ፣ የትኛው እንደማይተኛ። እሷ ትሰማዋለች። አንባቢው ይገባዋል።

ከፑኔ የተመለሰው

ደሴ ልጅ ነኝ፤ ህንድ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ዴሊ ስሄድ የራዚያ መቃብር ነው የሚባለውን አይቼዋለሁ። ቱርክማን በር ከሚባለው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። ጣሪያ የለውም። ዙሪያውን ፎቅ ቤቶች ከበውታል፣ ልብስ ተሰጥቶባቸዋል። ሁለት መቃብር አለ፣ አንዱ የእህቷ ነው ይላሉ። ቆሜ ሳየው ሆዴ ባባ። የያቁት መቃብር የት እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ለድርሰትሽ ስለ አየሩ ልንገርሽ። ግንቦት ላይ ዴሊ ውስጥ «ሉ» የሚባል ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል። ፊትሽን እንደ ምጣድ ነው የሚጠብሰው። ሰው ቀን ቀን አይወጣም። ዝናቡ የሚገባው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ አገር ክረምቱ ሊገባ ሲል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የአፈሩ ሽታ ልክ የቦሩ ሜዳ ሽታ ነበር። ያቁት አገሩ የሚናፍቀው ያን ቀን ይመስለኛል።

ስሙም ይጠቅምሻል። ያቁት ማለት ያው ያቁት ነው፣ ዕንቁው። ተሽጠው ለሚሄዱ ሰዎች የዕንቁና የሽቶ ስም ማውጣት ልማድ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም ነበረው ማለት ነው። ማሊክ አምበርን ሰምተሽ ይሆናል። እሱም ሀበሻ ነው። ልጅ ሳለ ቻፑ ይባል ነበር፤ አምበር ያሉት ከተሸጠ በኋላ ነው። ኋላ ደቡብ ወዳለው ወደ ዴካን ሄዶ የአህመድነጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት አላስተኛም። ዛሬ ሳምባጂናጋር የተባለችውን ከተማ የቆረቆራት እሱ ነው፣ በ1610። ያስቆፈረው የውሃ መስመር ቅሪቱ አሁንም አለ። የተቀበረው ኩልዳባድ ነው። የባለቤቱ የቢቢ ካሪማ መቃብርም እዚያው ቅርቡ አለ። የያቁት ነገር በጣም ከከበደሽ፣ እነዚህ ባልና ሚስት ማንም የማይጠራጠረው ጥንድ ናቸው። ማንንም ሳትፈሪ ትጽፊያቸዋለሽ።

የሸዋበሯ

አላህ ይስጣችሁ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት እያሰብኩ ነው።

መምህር፣ በርበሬው ወጥቷል። የጡረታ ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ማሊክ አምበርን ለሚቀጥለው ክረምት አስቀምጬዋለሁ። አሁን ያቁትን ጥዬ መሄድ አልችልም። አንዴ ጥዬዋለሁ። ያ ልጅ ሲሰደብ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ወጥቼ «ተዉት» አላልኩም። ካልኩ ወሬው ይብሳል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ያቁትን እጨርሰዋለሁ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ራዚያ አንድ ቀን እንድትጠይቀው አደርጋለሁ። ስሙን ለአንባቢ አልነግርም። ለእሷ ብቻ ይንገራት።

ሐረጎ፣ የጻፍሽው መጀመሪያ አናደደኝ። ስልኩን ዘግቼ ሱቅ ጠረግኩ። ማታ ቡና ስናፈላ ለእህቴ አነበብኩላት። እስከ በረካው ድረስ ምንም አላለችም። ከዚያ «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለችኝ። እኔም ሳስበው መማሌ ለማን ነው? ያ ከመንገድ ማዶ ያየው ሰው እንኳ ይሄን አያነበውም።

የፈረሱን ቦታ እንደ አዲስ ጻፍኩት። በመኳንንቱ ዓይን አድርጌዋለሁ፦

«መኮንኑ ከበሩ ጥላ ሥር ቆሞ አየ። ሀበሻው እጁን ዘረጋ። ሡልጣኗ ያዘችው። ፈረሱ ጆሮውን ቀሰረ። ይኸው ነው። መኮንኑ ግን እቤቱ እስኪደርስ ድረስ በልቡ ብዙ ነገር ጨመረበት፤ ለባልንጀራው ሲነግረው ያየው ሰው ሌላ፣ የተናገረው ሌላ ሆነ።»

መምህር፣ አንድ ጥያቄ ላስቸግርዎ። በዚያ ዘመን ኮርቻው እርካብ ነበረው? ከሌለው እጁን መያዟ ግድ ነው ማለት ነው። ያንን ማወቅ አለብኝ።

መምህር ከኮምቦልቻ

ነበረው። ቱርኮች ፈረሰኞች ናቸው፣ ያለ እርካብ አይዘምቱም። እርካቡ ላይ ቆመው ነው ቀስት የሚወረውሩት። ራዚያም ብቻዋን መውጣት ትችል ነበር።

እንግዲህ ለምን እጁን እንደያዘች አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ። ያንን ምዕራፍ ስትጨርሽው ላኪልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ፤ ደብተሩን ራሱን ብታሳዪኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።